ያለ ፈቃድ የሚንቀሳቀስ አፍና የቫይታሚን ክኒን

በቤታችሁ፣ በዘመድ ወይም በጎረቤት ዘንድ የአእምሮ ሕመም አድሮበት በሐኪም ትእዛዝ ለዓመታት መድኃኒት ሲወስድ የቆየ ሰው ካለ፣ ፊቱን ልብ ብላችሁ ተመልክታችሁት ታውቃላችሁን? ሌሊት መተኛት ጀመረ፣ ከሰው ጋር መነጋገር ቻለ፣ ወደ ሥራውም ሊመለስ ነው ተብሎ ቤተሰቡ ደስ በተሰኘበት ሰዓት፣ አፉ ምንም ሳይጎርስ ያኝካል። ምላሱ ብቅ ብላ ትመለሳለች። ከንፈሩን ይመጠምጣል፣ ጉንጩን ይነፋል፣ ዓይኑን ቶሎ ቶሎ ያርገበግባል፤ አንዳንዴም የእጁ ጣቶች ክራር እንደሚመታ ሰው ይንቀሳቀሳሉ። «ምን ሆነህ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ደግሞ እሱ ራሱ ነገሩን ከነጭራሹ ላያውቀው ይችላል።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ እንቅስቃሴ፣ ይልቁንም «ቫይታሚን ያድነዋል» እየተባለ ስለሚነገረው ነገር ነው።

ጉዳዩን እንድናነሣ ምክንያት የሆኑን አንዲት እናት ናቸው። የ28 ዓመት ወጣት የሆነው ልጃቸው ከስድስት ዓመት ወዲህ በየወሩ መርፌ ይወጋል። በመርፌው ምክንያት ጤናው ተመልሶለት በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። ባለፈው ዓመት ግን አፉ መንቀሳቀስ ጀመረ። ከጎረቤት አንዱ «ጫት ለምዶ ነው» አለ፤ ሌላዋ «ዛር ነው» አለች፤ የሥራ ጓደኞቹም «ምን ታኝካለህ?» እያሉ ይቀልዱበት ጀመር። አሜሪካ የምትኖረው እኅቱ ነገሩን በስልክ ሰምታ ቫይታሚን ኢ የተሞላ ትልቅ ብልቃጥ ላከች። እናትየውም፣ «ልጄ፣ እንዲህ ያደረገው መርፌው ነው አሉ፤ እንግዲህ መርፌውን አስቁሜ ይኸንን ቫይታሚን ብቻ ብሰጠው ምን ይመስልሻል?» ሲሉ ጠየቁን።

በጥያቄያቸው ውስጥ እውነትና ስሕተት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። እንቅስቃሴውን ያመጣው መድኃኒቱ መሆኑ እውነት ነው። ቫይታሚን ለዚህ ሕመም ሊረዳ ይችላል የሚለውም ሐሳብ የመንደር ወሬ ሳይሆን፣ ሐኪሞች ለአርባ ዓመት ያህል ሲመረምሩት የቆዩት ጉዳይ ነው። አስፈሪው ነገር «መርፌውን አስቁሜ» የሚለው ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ከ1950ዎቹ በፊት (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለከባድ የአእምሮ ሕመም ይህ ነው የሚባል መድኃኒት አልነበረም። በ1952 ዣን ደሌና ፒየር ደኒከር የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ ሐኪሞች በፓሪሱ ሳንት አን ሆስፒታል ክሎርፕሮማዚን የተባለውን መድኃኒት ለሕመምተኞቻቸው ሰጥተው፣ ይጮኹ የነበሩት ዝም ሲሉ፣ ከሰው ይሸሹ የነበሩት ቀርበው ሲነጋገሩ አዩ። ከእናንተ መካከል ላርጋክቲል በሚለው የንግድ ስሙ የሚያውቁት ይኖራሉ። በ1958 ደግሞ ቤልጂግ ውስጥ ሃሎፔሪዶል ተሠራ። ቀጥሎም ክኒን በየቀኑ መዋጥ ለሚያስቸግራቸው ሰዎች፣ በጡንቻ ተወግቶ ለሳምንታት በሰውነት ውስጥ ቀስ በቀስ የሚሟሟው መርፌ መጣ፤ ሞዴኬት በሚል ስም የታወቀው ፍሉፌናዚን ከእነዚህ አንዱ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ስንቱን ሰው ከሰንሰለት እንዳስፈቱ፣ ስንቷን እናት ሌሊት እንዳስተኙ መዘንጋት አይገባም።

ነገር ግን ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ሐኪሞች በሕመምተኞቹ ፊት ላይ እንግዳ ነገር ማየት ጀመሩ። በ1964 የዴንማርክ ሐኪሞች ነገሩን ታርዲቭ ዲስኪኔዥያ ሲሉ ሰየሙት። ትርጉሙ ዘግይቶ የሚመጣ የተዛባ እንቅስቃሴ እንደ ማለት ነው። «ዘግይቶ» የተባለበት ምክንያት መድኃኒቱ በተጀመረ ማግስት ሳይሆን ከወራት፣ አብዛኛውን ጊዜም ከዓመታት በኋላ ስለሚታይ ነው።

ምክንያቱስ? በአእምሯችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል መልእክት አድራሽ ንጥረ ነገር አለ። የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶቹ የሚሠሩት ይህ መልእክት የሚገባበትን በር በመዝጋት ነው። ይሁንና ያው ዶፓሚን የሰውነትንም እንቅስቃሴ ያዛል። ድምፁ የተቀነሰ ሬዲዮ ለመስማት ጆሮውን ሲያቀና የኖረ ሰው ትንሽ ድምፅ በሰማ ጊዜ ብድግ እንደሚል ሁሉ፣ በሩ ለዓመታት የተዘጋበት የአእምሮ ክፍልም ከልክ በላይ ነቅቶ ይቆይና ትንሿን መልእክት እንደ ትልቅ ትእዛዝ ይቀበላል። አፍና ምላስ ያለ ፈቃድ የሚንቀሳቀሱት ከዚህ የተነሣ ነው ይባላል። ሐኪሞች ይህ ማብራሪያ ብቻውን ነገሩን ሁሉ እንደማይፈታው ቢናገሩም፣ ዛሬም ድረስ ዋናው ማብራሪያ ይኸው ነው።

ሕመሙ ጥቂቶችን ብቻ የሚይዝ እንዳይመስላችሁ። በ2017 የወጣ አንድ ጥናት፣ 41 ልዩ ልዩ ምርመራዎችን አንድ ላይ ደምሮ፣ እነዚህን መድኃኒቶች ከሚወስዱ ሰዎች መካከል ከአራቱ አንዱ ያህል ይህ እንቅስቃሴ እንዳለበት አሳይቷል። በቀድሞዎቹ መድኃኒቶች ከመቶ 30 ሲሆን፣ በኋላ በመጡት ደግሞ ከመቶ 21 ያህል ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች፣ የወር አበባቸው የተቋረጠ ሴቶችና የስኳር ሕመም ያለባቸው ይበልጥ ይጠቃሉ።

የአእምሮ ሕመም የሌለባችሁ እናቶችም ይህን ስሙ። ለማቅለሽለሽና ለትውከት የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ፣ በተለምዶ ፕላሲል የምንለው፣ ያንኑ የዶፓሚን በር ይዘጋል፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ያንኑ የአፍ እንቅስቃሴ ሊያመጣ ይችላል። በ2009 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በመድኃኒቱ ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዝዟል፤ ከ12 ሳምንት በላይ መውሰድም አይመከርም። ለሁለትና ለሦስት ቀን በሐኪም ትእዛዝ መውሰድ ሌላ፣ ሆድ በተነፋ ቁጥር ከመድኃኒት ቤት እየገዙ ለዓመታት መዋጥ ሌላ።

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። ይህን ሕመም ከሐኪሙ ቀድማችሁ ልታዩት የምትችሉት እናንተ ናችሁ። ሐኪሙ ሕመምተኛውን በወር ወይም በሦስት ወር አንዴ፣ ያውም ብዙ ሰው በተሰለፈበት ቀን ለጥቂት ደቂቃ ያየዋል። ሕመምተኛው ራሱ ብዙ ጊዜ አይታወቀውም። እናትና እኅት፣ ባልና ሚስት ግን በየቀኑ አብረው ማዕድ ይቀርባሉ።

ሐኪሞች ለዚህ የሚጠቀሙበት መመርመሪያ በ1976 በአሜሪካ የተዘጋጀ ሲሆን፣ አብዛኛው ክፍል መሣሪያ የሚጠይቅ አይደለም። እናንተም ያንን ፈለግ ተከትላችሁ ነገሩን በቤት ልትታዘቡ ትችላላችሁ። በመጀመሪያ ሰውየው ሳያውቅ፣ ቁጭ ብሎ ሬዲዮ ሲያዳምጥ ወይም ቡና ሲጠብቅ ፊቱን ተመልከቱ። በአፉ ማስቲካ ወይም ሌላ ነገር አለመኖሩን አረጋግጡ። ከዚያ እጆቹን በጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እግሮቹን መሬት አስነክቶ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ጠይቁት። አፉን እንዲከፍት ንገሩት፤ ምላሱ በአፉ ውስጥ ሳለች እየተጠመዘዘች እንደሆነ እዩ። ቀጥሎ ምላሱን እንዲያወጣ ጠይቁት፤ አውጥቶ ማቆየት ይችላል ወይስ ወዲያው ትመለስበታለች? ከዚያም በአውራ ጣቱ ሌሎቹን ጣቶች አንድ በአንድ፣ ቶሎ ቶሎ ለ10 ወይም ለ15 ሴኮንድ ያህል እንዲነካ አድርጉ። እዚህ ላይ እጁን ትታችሁ ፊቱንና እግሩን እዩ! ሐሳቡ ወደ ጣቶቹ ሲሄድ፣ ተደብቆ የቆየው የአፍና የእግር እንቅስቃሴ ይወጣል። በመጨረሻም ጥቂት እርምጃ ሄዶ እንዲመለስ አድርጉ።

ይህን ስታደርጉ እንደ ፖሊስ አትሁኑበት። የሰው ዓይን የበዛበት ሰው ይጨነቃል፤ ሲጨነቅ ደግሞ እንቅስቃሴው ይብሳል። እንቅልፍ ሲወስደው ግን ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። ተኝቶ ስታዩት ፊቱ እንደ ድሮው ሆኖ ካገኛችሁት፣ ይህም ለሐኪሙ የሚነገር ምልክት ነው።

ያለ ፈቃድ የሚሆን እንቅስቃሴ ሁሉ ግን ይህ ሕመም አይደለም። መድኃኒቱ በተጀመረ በጥቂት ቀን ውስጥ አንገት ቢጣመም፣ ዓይን ወደ ላይ ቢሰቀል፣ መንጋጋ ቢቆለፍ፣ ያ ሌላ ነው፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ሊደርስ ይገባል፣ በመርፌም ቶሎ ይለቃል። ሰውነት መገተር፣ የእጅ መንቀጥቀጥና እግር እየጎተቱ መሄድም ሌላ ነው። አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶ መንቆራጠጥም እንደዚሁ። ለአንገት መጣመምና ለመገተር የሚሰጠውን አርቴን የተባለ ክኒን ብዙ ቤተሰብ ያውቀዋል። «ያኔ ረድቶታልና አሁንም ለአፉ ይስጡት» ብሎ መለመን ግን ጥቅም የለውም፤ አርቴን ይህን ዘግይቶ የሚመጣውን እንቅስቃሴ አያድንም፣ እንዲያውም ሊያብሰው ይችላል። ጥርሳቸው ያለቀ አሮጊትና ሽማግሌ ያለ ምንም መድኃኒት አፋቸውን ሲያመላልሱ ማየትም የተለመደ ነው። ስለዚህ የሴት አያታችሁን ከንፈር አይታችሁ አትደንግጡ።

እንግዲህ ቫይታሚኖቹ ዘንድ ደረስን።

መጀመሪያ የመጣው ቫይታሚን ኢ ነው። ዘይት ብዙ ጊዜ ከቆየ ሽታውና ጣዕሙ ይለወጣል፤ ይህ የሚሆነው በውስጡ ያለው ቅባት ከአየር ጋር ተዋሕዶ ስለሚበላሽ ነው። ቫይታሚን ኢ እንዲህ ያለውን መበላሸት ይከላከላል። አእምሯችንም በቅባት የበለጸገ ነው። ተመራማሪዎች፣ መድኃኒቶቹ በአእምሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ብልሽት አምጥተው ይሆናል፣ ስለዚህ ቫይታሚን ኢ ይከላከለው ይሆናል ሲሉ አሰቡ። በ1987 አንድ የአሜሪካ ተመራማሪዎች ቡድን በጥቂት ሕመምተኞች ላይ ሞክሮ መሻሻል አየ። ከዚያ በኋላ በየአገሩ ትንንሽ ሙከራዎች ተካሄዱ፤ አንዱ ረዳ ሲል ሌላው አልረዳም አለ።

ክርክሩን ለመቋጨት በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች ውስጥ ትልቅ ሙከራ ተደረገ፤ ውጤቱም በ1999 ወጣ። 158 ሕመምተኞች ተካፈሉበት። ገሚሶቹ በየቀኑ 1,600 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ሲሰጣቸው፣ ገሚሶቹ ቫይታሚን የሚመስል ግን ምንም የሌለበት እንክብል ተሰጣቸው። የትኛው ለማን እንደ ደረሰ ሕመምተኛውም ሐኪሙም አያውቁም ነበር። እስከ ሁለት ዓመት ከተከታተሉ በኋላ በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። በ2018 ደግሞ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ድርጅት እስከዚያ ድረስ የተሠሩትን 13 ሙከራዎች አንድ ላይ መረመረ። ቫይታሚን ኢ እንቅስቃሴው እንዳይብስ ይረዳ ይሆናል፣ የመጣውን እንደሚያሻሽል ግን ማስረጃ የለም፣ ሙከራዎቹም ጥራት ይጎድላቸዋል የሚል ነበር ድምዳሜው።

«ታዲያ ያ የመጀመሪያው መሻሻል ከየት መጣ?» ትሉ ይሆናል። እኔም ጠይቄዋለሁ። መልሱ በራሱ በሕመሙ ጠባይ ውስጥ አለ። ይህ እንቅስቃሴ እንደ ክረምት ዝናብ ነው፤ አንድ ሳምንት ይበረታል፣ አንድ ሳምንት ይላላል። ሰው ደግሞ ክኒን የሚጀምረው በባሰበት ሳምንት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ነገሩ በራሱ ጊዜ ሲላላ ምስጋናው ለክኒኑ ይሆናል። በዚያ ላይ ሕመምተኛው ተስፋ ሲያገኝ ጭንቀቱ ይቀንሳል፤ ጭንቀቱ ሲቀንስ አፉም ያርፋል። ባዶ እንክብል ለማወዳደሪያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ቫይታሚን ቢ ሲክስ ሲሆን፣ ታሪኩ ከመጀመሪያው ይልቅ ተስፋ አለው። በእስራኤል አገር በቤርሼባ ከተማ ያሉ የአእምሮ ሐኪሞች በ2001 ባወጡት ጥናት 15 ሕመምተኞች በቀን 400 ሚሊ ግራም ለአራት ሳምንት ወሰዱ፤ እንቅስቃሴያቸውም ባዶ እንክብል ከወሰዱበት ጊዜ ይልቅ ቀነሰ። በ2007 ባወጡት ደግሞ 50 ሕመምተኞች መጠኑ ወደ 1,200 ሚሊ ግራም ከፍ ብሎላቸው ውጤቱ እንደገና መልካም ሆነ። ያም ሆኖ በ2015 ኮክሬን ሲመዝነው ያገኛቸው ሦስት ሙከራዎች ብቻ ነበሩ፤ የተካፈሉትም በጠቅላላው 80 ሰዎች ናቸው፣ ሁሉም ሆስፒታል የተኙ። በዚህ ላይ ተመሥርቶ ለሰው ሁሉ «ውሰዱ» ማለት አይቻልም። እኔ ነገሩን በር ያልተዘጋበት፣ ግን ገና ያልተገባበት ቤት አድርጌ ነው የማየው።

አሁን የመጠኑን ነገር ልብ በሉ። አንድ ጎልማሳ በቀን የሚያስፈልገው ቢ ሲክስ 1.3 ሚሊ ግራም ያህል ነው። በሙከራው የተሰጠው 1,200 ሚሊ ግራም ከዚህ 900 ጊዜ እጥፍ ይበልጣል! ይህ ከእንግዲህ ምግብ አይባልም፤ መድኃኒት ነው፣ ያውም ጠንካራ መድኃኒት። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የወሰደ ሰው በቤቱ ያለ፣ አይሶኒያዚድ ከተባለው መድኃኒት ጋር ቢ ሲክስ አብሮ እንደሚሰጥ ያስታውሳል። የሚሰጠውም መድኃኒቱ የእጅና የእግርን ነርቭ እንዳይጎዳ ነው፤ መጠኑ ግን ጥቂት ነው። የሚገርመው ነገር፣ ይኸው በትንሹ ነርቭን የሚጠብቅ ቫይታሚን በብዛት ሲወሰድ ራሱ ነርቭን ይጎዳል። በ1983 የአሜሪካ ሐኪሞች በቀን ከ2 እስከ 6 ግራም ሲወስዱ የቆዩ ሰባት ሰዎችን ታሪክ አሳትመዋል፤ እጅና እግራቸው ደንዝዞ፣ ሲራመዱ መሬቱ አልታወቅ ብሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በአነስተኛ መጠንም ጉዳት መድረሱ ታይቷል። ለዚህ ነው የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለ ሥልጣን በ2023 ለጎልማሳ ሰው የላይኛውን ወሰን በቀን 12 ሚሊ ግራም ያደረገው፤ በአሜሪካ የተወሰነው 100 ሚሊ ግራም ነው።

ቫይታሚን ኢም እንዲሁ «ቢጠቅም ይጠቅማል፣ ባይጠቅም አይጎዳም» የሚባል አይደለም። በብዛት ሲወሰድ ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፤ ስለዚህ ዋርፋሪን የመሰለ የደም ማቅጠኛ ለሚወስድ ሰው አደገኛ ነው። በአሜሪካ ከ35,000 በሚበልጡ ወንዶች ላይ በተደረገና ውጤቱ በ2011 በወጣ ጥናት፣ በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ ከወሰዱት መካከል የፕሮስቴት ካንሰር ባዶ እንክብል ከወሰዱት ይልቅ በመቶ 17 በልጦ ተገኝቷል። ለእንቅስቃሴው ሕመም የተሞከረው 1,600 ዩኒት የዚህ አራት እጥፍ መሆኑን አስሉ።

በምግብ የሚገኘው ግን አያሰጋም። ሱፍ፣ ለውዝ፣ ጎመን፣ የሱፍ ዘይት ቫይታሚን ኢ አላቸው፤ ሽምብራ፣ ሙዝ፣ ድንች፣ ዓሣና ጉበት ደግሞ ቢ ሲክስ። በጾምም በፍስክም የሚገኙ ናቸው። ቤተሰቡን ሁሉ ይጠቅማሉ እንጂ የአፍ እንቅስቃሴን ያቆማሉ ብዬ አላታልላችሁም።

ለእናትየው የሰጠነው መልስ የሚከተለው ነው። መርፌውን አያስቁሙ። በየወሩ የሚወጋው መድኃኒት በጡንቻ ውስጥ ተጠራቅሞ ቀስ እያለ ወደ ደም ስለሚገባ፣ አንድ መርፌ ቢዘለል ወዲያው የሚታይ ነገር አይኖርም። ልጁ ለሳምንታት፣ ምናልባትም ለወራት ደኅና ይመስላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ቫይታሚን የሚወስድ ከሆነ ቤተሰቡ «ይኸው መርፌውም አላስፈለገ፣ ቫይታሚኑ በቃው» ይላል። ዋናው ወጥመድ እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ከሰውነቱ ተሟጦ ሲወጣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ብቻውን ማውራቱ፣ መጠራጠሩ ይመለሳል፤ ያኔ ማንም ከሦስት ወር በፊት ከተዘለለው መርፌ ጋር አያገናኘውም። የእንጨት ሥራውም ይቀራል። ሌላም አለ። መድኃኒቱ እንቅስቃሴውን ያመጣውን ያህል ይሸፍነዋልም፤ በድንገት ሲቆም የተሸፈነው ይገለጥና አፉ ከበፊቱ ይበልጥ ሊንቀሳቀስ ይችላል።

መርፌ ይቀጥል ማለት ግን ዝም ተብሎ ይታለፍ ማለት አይደለም! እንቅስቃሴው በቶሎ ከታወቀና ሐኪሙ ቶሎ ከደረሰበት የመቀነስ ዕድሉ የተሻለ ነው፤ ዓመታት ከቆየ በኋላ መድኃኒቱ ቢቆም እንኳ ላይጠፋ ይችላል። ሐኪሙ መጠኑን ቀስ በቀስ ሊቀንስ፣ ወይም እንቅስቃሴ በማምጣት ብዙ ወደማይታማ እንደ ክሎዛፒን ወዳለ መድኃኒት ሊያዛውረው ይችላል፤ ክሎዛፒን ግን በየጊዜው የደም ምርመራ ይጠይቃል። ለእንቅስቃሴው ራሱ የተሠሩ መድኃኒቶችም አሉ። ቫልቤናዚንና ዲዩቴትራቤናዚን የተባሉት በ2017 በአሜሪካ ተፈቅደዋል፤ በትልልቅ ሙከራዎችም ከባዶ እንክብል የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል። የእነሱ ታላቅ ወንድም የሚባለው ቴትራቤናዚን ከእነሱ ቀድሞ የነበረ ነው፤ የመንፈስ ጭንቀት ሊያመጣ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል። አዲሶቹ ዋጋቸው እጅግ ውድ ነው። ሰው ፊቱን ወደ ርካሹ ቫይታሚን ቢያዞር አያስደንቅም፣ አያስወቅስምም። ሐኪማችሁን ስለነዚህ በስማቸው ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ቫይታሚኑን ሐኪሙ ራሱ «እንሞክረው» ካለ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መጠኑን እሱ ይወስናል፤ ከመጀመሩ በፊት እንቅስቃሴውን ይለካል፤ ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ደግሞ ለክቶ ካልረዳ ያቆመዋል። መርፌው በጎን ይቀጥላል። የእጅ ወይም የእግር መደንዘዝ ከመጣ ሳትዘገዩ መንገር የእናንተ ፈንታ ነው።

እስከዚያው ድረስ በቤት ውስጥ የሚደረግ ጥቂት ነገር አለ። ምላሱ የምታስቸግረው ሰው ሲበላ ሊያንቀው ስለሚችል፣ ጉርሻው ትንሽ ይሁን፣ ወጡ አይድረቅ፣ በጎረሰበት ሰዓትም አታናግሩት። እንግዳ ሲመጣ ለማክበር ተብሎ ትልቅ ጉርሻ ማጉረስም ይቅርበት። የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ካለው በደንብ ያልገጠመ እንደሆነ የአፉን እንቅስቃሴ ያባብሳልና ለጥርስ ሐኪም አሳዩት። «አፍህን ያዝ!» እያላችሁ አትቆጡት፤ ለደቂቃ ሊይዘው ይችል ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ግን አይታዘዝለትም። አብራችሁት የምትሠሩ ሠራተኞችም ብትሆኑ፣ ጓደኛችሁ የሚያኝከው ነገር እንደሌለ አሁን አውቃችኋል።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ወደ ሆስፒታል ስትሄዱ፣ በአዲስ አበባው አማኑኤልም ሆነ በሌላ፣ አንድ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። እንቅስቃሴውን መጀመሪያ ያያችሁበትን ወር፣ መርፌው ወይም ክኒኑ የተጀመረበትን ዓመት፣ የተዘለለ መርፌ ካለ እሱንም ሳትደብቁ ጻፉ። በስልካችሁ ለአንድ ደቂቃ ያህል ፊቱን፣ ፈቃዱን ጠይቃችሁ፣ ቅረጹ፤ ሐኪም ፊት ሲቀርብ እንቅስቃሴው የሚጠፋበት ቀን አለና። ከውጭ አገር የተላከውን ብልቃጥ እቤት አትተዉት፤ ሁለትና ሦስት ዓይነት ከሆነም ሁሉንም ያዙ። «ቢ ኮምፕሌክስ» የሚለው፣ «መልቲ ቫይታሚን» የሚለውና «ለነርቭ» የሚለው ብልቃጥ ሦስቱም ቢ ሲክስ ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ነርሷ ወይም የመድኃኒት ባለሙያው ከየጽሑፋቸው ላይ ያለውን ሚሊ ግራም ደምረው ስንት እንደሚሆን ይንገሯችሁ።